ባቡርና የቀዳዳው መኪና

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ስንሮጥ እየዋልን ለምንድነው ፈቀቅ የማንለው? አክስቴ ናት የጠየቀችኝ። ከሥራ ገብታ፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ። «አንቺ ኢኮኖሚክስ የተማርሽው፣ እስቲ ንገሪኝ።» ስለ ምርታማነት ጀመርኩላት... ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ አንገቷ ዘንበል አለ። ተኛች።
እግሯን በፎጣ አደረቅኩላት። አራት ዓመት ተምሬ ያወቅኩት ሰው ማስተኛት ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
አክስቴ በምትሠራበት ልብስ ስፌት፣ ዕቃ ክፍል ከገባሁ ወር ሊሞላኝ ነው። ክር፣ መርፌና ቁልፍ አድላለሁ። ከመስኮቴ አዳራሹ በሙሉ ይታየኛል። ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል... ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ከዚያ አክስቴ ጋ። የቁልፍ ቀዳዳ የምታወጣው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ቁልፍ ይተከላል፣ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የጨርቁ ብናኝ ወርቅ ይመስላል። ሴቶቹ ደግሞ ውሃ ውስጥ በቀስታ የሚዋኙ። መጽሐፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ወይስ ነበረ፣ እኔ ነኝ ያላየሁት?
የስፌት ቤቱን ባለቤት ደፍሬ ጠየቅኳት። አርብ አርብ፣ ምሳ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ኢኮኖሚክስን ለሠራተኛው በቀላሉ ላስረዳ አልኳት። ሳቀችብኝ። ግን ፈቀደች።

አርብ፣ ጥቅምት 8
ጉድ ሆንኩ። ካርቶን ላይ ሁለት የተጣመሙ መስመሮች ሣልኩ፤ ፍላጎትና አቅርቦት። ኮሌታ የምትሰፋዋ፣ ከፍጥነቷ የተነሳ ባቡር የሚሏት፣ አንገቷን አስግጋ አየችው። «እጅጌ ነው እንዴ? ከሆነ ብብቱ ጠቧል።» ሳቁ አላባራ አለ። እኔም ሳቅኩ... ትንሽ ዘግይቼ።
የሰሙኝ አንድ ነገር ስናገር ብቻ ነው። ሰው ሽልማት ካየ ይፈጥናል፣ ሁሉም ከፈጠነ ብዙ ይመረታል አልኳቸው። ባለቤትየዋ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ማስታወቂያ ተለጠፈ። በየሳምንቱ ከሁሉም በላይ የሰፋች፣ ቀጣዩን ሰኞ ታርፋለች። የእኔ ሐሳብ፣ ግድግዳ ላይ!
ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ከተማው ሁሉ አንድ አዳራሽ ሆኖ ታየኝ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ ሁሉም የአንድ የማይታይ ክር ጫፍ ይዘው... እኔ ደግሞ ክሩን እያሳየኋቸው። የመንገዱን ሰው ሁሉ የሸሚዝ ቁልፍ እያየሁ ሄድኩ። አንዱ ገላመጠኝ።
ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ለአክስቴ አልነገርኳትም። ለምን? እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
አክስቴ አጠገብ ክምር። ኮሌታ ያለው፣ እጅጌ ያለው፣ ቀዳዳ የሌለው ሸሚዝ... ቁጭ ስትል እስከ ትከሻዋ ይደርሳል። ባቡር ሌላ እቅፍ አምጥታ ጨመረችበት። «እትዬ፣ ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ። ቀበርንሽ እኮ።»
አክስቴ ከየአሥሩ ሸሚዝ በአንዱ ቀዳዳ ቁልፍ አስገብታ ትሞክር ነበር። ዛሬ ሳትሞክር አሳለፈች። አየኋት። ክር ማደሌን ቀጠልኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 15
ማንም አልመጣልኝም። እየበሉ ይሰፋሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
የሳምንቱ ሸሚዝ ሊታጠፍ ሲል ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለ። ያለፈው ትእዛዝ ትንሽ ቁልፍ የሚገባበት ነበር። አክስቴ በጥድፊያ የቀዳዳ መኪናውን ለትልቁ ሳታስተካክል ነው የቀጠለችው። ሁሉም እንደገና ሊሠራ ነው።
የአዳራሹ ተቆጣጣሪ የአክስቴ ዓይን ደክሟል አለ። እስከ ቅዳሜ ቦታዋን ለሌላ ትልቀቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር።
ባቡር ትናንት አርፋ፣ ዛሬ ፊቷ በርቶ መጣች። ክምሩን ስታይ ፊቷ ጨለመ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ቁርስ ላይ ነገርኳት። ሽልማቱ የእኔ ሐሳብ ነው አልኳት። ሻይዋን አስቀመጠች።
«አራት ዓመት የተማርሽው እኔን ከወንበሬ ለማስነሳት ነው?»
አለቀስኩ። ፎጣ ወረወረችልኝ። «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል? ለእነሱ ንገሪያቸው። ፊትሽን ታጠቢ፣ ይረፍድብናል።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
የመውጫ ደወል ሲደወል ባቡር እየሮጠች አለፈችኝ። እኔ ደመና እያየሁ፣ ቀስ እያልኩ። በር ላይ ደረስኩባት። ቦርሳ የምትፈትሸው አንዲት ሴት ናት፣ ሁላችንም እሷን እንጠብቃለን። ባቡር ያልባታል፣ እኔ አላላበኝም... አንድ ቦታ ቆመናል።
የሆነ ነገር ብልጭ አለልኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 22
ካርቶን አልያዝኩም። አክስቴ ስለነበረች ይመስለኛል፣ ሁሉም መጡ። መጀመሪያ ጥፋቴን ተናገርኩ። ሽልማቱ ከእኔ አፍ የወጣ ነው አልኩ። አንዷ በሹክሹክታ ሰደበችኝ። ይገባኛል።
ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ። ደወል ሲደወል ሁላችንም ብንሮጥ፣ ሁላችንም ቶሎ ቤት እንገባለን?
ባቡር ሳቀች። «ፈታሿ አንዲት ናት እኮ። ብትሮጪ የምትደርሺው የሰው ጀርባ ላይ ነው።»
አንድ በአንድ ፊታቸው ወደ አክስቴ መኪና ዞረ። የምትተኩሰዋ «ታዲያ ስንሮጥ የሰነበትነው...» ብላ ተወችው። ባቡር አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የቆመው ሌላው የቀዳዳ መኪና ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀች።
«መርፌው ተሰብሮ» አለች አክስቴ። «ዓመት ሊሆነው ነው። የለም ተብለን።»
ወደ ዕቃ ክፍል ሮጥኩ። የታችኛው መሳቢያ፣ ጥጉ ላይ። አዲሱ መርፌ እኔ ከመግባቴ በፊት ደርሶ ነበር፣ ማንም ያልጠየቀው። በየቀኑ በጉልበቴ ስነካው የነበረ መሳቢያ! በወረቀት እንደተጠቀለለ አመጣሁት።
ተቆጣጣሪው የቅዳሜውን ነገር ሊያነሳ ሲል ባቡር ቀደመችው። ሰኞ ሰኞ ማረፉ ይቅርብኝ፣ እትዬ ቀዳዳ ታስተምረኝ አለች። በር ላይ ቆማ ትሰማ የነበረችው ባለቤትየዋ መርፌውን ከእጄ ወስዳ ወደ መስኮቱ አነሳችው፣ ብርሃን ላይ አየችው። «በሉ ግጠሙት» ብላ ለአክስቴ ሰጠቻት።

አርብ፣ ጥቅምት 29
ሁለቱ መኪኖች እየተቀባበሉ ያንጎራጉራሉ። ክምሩ የለም። አክስቴ ወንበሯ ላይ ናት። ባቡር በአሥረኛው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ሳታስገባ ልታልፍ ስትል ጣቷን መታ ታደርጋታለች።
ትናንት አክስቴ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ስለ ዋጋ ጠየቀችኝ። ከመመለሴ በፊት እኔም ጠየቅኳት። ውሃው እስኪቀዘቅዝ አወራን። አልተኛችም።
የሽልማቱ ማስታወቂያ ተነስቷል። በቦታው የእኔን ለጠፍኩ። ሦስቴ ጻፍኩት፣ ሦስተኛውን አክስቴ አረመችው። እንዲህ ይላል፦
«ቀኑን ሙሉ ስንሮጥ ውለን ለምን ፈቀቅ አንልም? አርብ ምሳ ላይ እንነጋገርበታለን። እኔ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፣ ሥራውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ምሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ሥራው የት ጋ እንደሚቆም የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።»