አራተኛው ረድፍ

ውድ አባቴ፣

እርስዎ ካረፉ ዛሬ አርባ ሦስት ቀን ሆነ። አርባዎን አውጥተን፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ወረታ ወደ ተከራየኋት ቤት ተመልሻለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። አላለቀስኩም። በቀብርዎ ዕለት አክስቴ ሙናዬ ክንዴን ይዛ «አልቅሽ እንጂ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላኝ ነበር። ቆሜ የሰዉን ጫማ አይ ነበር።

የምጽፍልዎ ስለ አኩሪ አተሩ ነው።

ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤትዎን ካፈረሰው በኋላ እኔ ዘንድ መጡ። ቤት መዋል ስለማይሆንልዎ ምሳዬን ይዘው ወደምሠራበት የምርምር ቦታ ብቅ ይሉ ነበር። መጀመሪያ የላስቲክ ቤቱ ውስጥ ሲገቡ በባልዲ የተተከለውን አኩሪ አተር አዩ። ግማሹ ለምለም ነው፤ ግማሹ ቅጠሉ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን ማን ረሳው?» አሉኝ።

«አልተረሳም አባ። ሆን ብለን ነው ውሃ የከለከልነው። ሲጠማ ውስጡ ምን እንደሚለወጥ እያጠናን ነው።»

አስረዳሁዎት። አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ውሃ የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃው ይተርፍለታል፤ ግን አየርም ስለማይገባ ምግብ መሥራቱ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይቆማል። ያለችውን እርጥበት ለመያዝ ስኳርና ፕሮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያጠራቅማል። ቅጠሉን ፈጭተን ከመለኪያው ፈሳሽ ጋር ስናፈላው ይቀላል፤ በጣም የተጠማው በጣም ይቀላል።

«መጠማቱን ካወቅሽ ታዲያ ምን ታስጠብቂዋለሽ?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። እርስዎ አልሳቁም።

ውሃ በከለከልናቸው በአሥራ አራተኛው ቀን ቅጠል ለቅሜ አፈላሁ። ውሃ ከተከለከሉት ረድፎች ሦስቱ እንደ ቀይ ሥር ቀሉ። አራተኛው ፈዘዘብኝ። ደግሜ ሠራሁት፤ እንደዚያው ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ከከረመው የሚለይ አልሆነም። ተክሉ ውሃ ሲያገኝ ፕሮሊኑ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው አጠጥቶታል።

ኃላፊያችን አንለይ «እዚህ ቤት ጆግ የሚይዘው ማን ነው?» አለኝ።

«ሰርክ ናት» አልኩት።

ሰርክ ከሐሙሲት እየተመላለሰች ለምለሞቹን ረድፎች የምታጠጣው የቀን ሠራተኛ ናት። «በማርያም! አንድ ጠብታ አላፈሰስኩበትም» አለች። በዚያው ቀን አሰናበታት።

ማታ እራት ላይ ይህን ሳወራልዎ ጉርሻዎን መለሱት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ ቅጠልሽን ይዘሽ ስትሄጂ አጠገቤ ያለውን አጠጣሁት። ሦስት ቀን። ዓይኔ እያየ እንዴት ይሙት? ነገ ሄጄ ልንገራቸው።»

«ዝም ይበሉ አባ። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ብቻዎን ትቼዎት እንደምወጣ ካወቁ እኔም እባረራለሁ።»

«የሰው እንጀራ ነው እኮ ልጄ።»

«እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ለኔ ይተዉልኝ።»

እሺ አሉ። እኔ አልነገርኩም። ጠዋት ጠዋት ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር፤ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ እፈልግ ነበር። ሰርክ በተባረረች በአሥራ አንደኛው ቀን ጸሎትዎን አድርሰው ጋደም አሉ፤ በዚያው አልነቁም።

ከሠልስቱ በኋላ ሥራ ገባሁ። ቅጠል ፈጨሁ፣ ቁጥር ጻፍኩ። የአራተኛውን ረድፍ ቁጥር ሳይ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማኝም። ቁጥር ነው።

በአርባዎ ማግስት አንለይ ቢሮ ገብቼ ተናገርኩ። «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለኝ። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ ረድፉም ከጥናቱ ወጣ። ሰርክ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ንገሪያት አለኝ።

ትናንት ሐሙሲት ሄድኩ። መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጣለች። ፊቷ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ቲማቲሟን መደርደር ሳታቆም ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «አባትሽ አያ ባየህ ነግረውኛል።»

«መቼ?»

«በተባረርኩ በሦስተኛው ቀን። እዚህ ከሚኒባስ ወርደው፣ ሰው እያየ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ነው የያዝኳቸው።»

ጣራ ገዳም ተሳልሜ ልምጣ ብለውኝ የወጡ ዕለት ነው። መንገዱ በተቃራኒው ነበር እኮ፣ አባ።

«ታዲያ ለምን መጥተሽ አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ልሄድ ተነስቼ ነበር። ‹ልጄ ራሷ ትመጣለች፤ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሽኝ› አሉኝ። ወዲያው መሞታቸውን ሰማሁ። የሞተ ሰው ልመና እንዴት አፈርሳለሁ? ዝም ብዬ ጠበቅሁሽ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። «ይቅርታው ቀስ ይበል» አለች። ስለ ሥራው ስነግራትም አሰብበታለሁ አለችኝ። ከዚያ ጆንያ አነጠፈችልኝና «ፀሐይ ነው፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ሚኒባስ እስኪመጣ የበሰለውን ከጥሬው ስለይላት ቆየሁ።

አባ፣ አንድ ሳምንት ነበር ያሏት። እኔ ሰባት ሳምንት ፈጀሁ። ግን ሄጃለሁ።

ልጅዎ
ውባንቺ
ወረታ