ሰው የማያፈናጥጥ ሞተር

ይድረስ ለወንድሜ ለክንዴ ይሄይስ፤ ካለህበት ዶሃ።

ሰላምታዬ የአገራችንን ጉም ሰንጥቆ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ሙቀቱ ቀለል አለልህ ወይስ እንደዚያው ነው? እንቅልፍህስ? ምግቡስ ይስማማሃል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለንም እንዳልል ደግሞ በቤቱ የታመመ ሰው የለም። እንግዲህ አለን በሚለው ያዝልኝ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልኩን ስለምትዘጋብኝ ነው። ባለፈው የሞተሩን ነገር ገና ስጀምር ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም ብለህ ዘጋህብኝ፤ እኔ ግን ከኋላህ ያለውን ቴሌቪዥን ሳይቀር እሰማ ነበር። ደብዳቤ አይዘጋም። የጎረቤታችን ልጅ ናርዶስ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጅህ እንድትሰጥህ በእሷ ልኬዋለሁ፤ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ እንዳትነሣ አደራ ብያታለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ተቆጥቻለሁ። ታላቅህ ነኝና ቁጣዬን አሽሞንሙኜ አላቀርብልህም።

በነሐሴ የአባባ ፈረስ ዳማው እንደሞተ ታውቃለህ። ሌላ እንግዛ ስንላቸው እንቢ አሉ። በእኔ ዕድሜ ፈረስ መግዛት የሙት ልጅ ማሳደግ ነው፣ እኔ ስሄድ ማን ያየዋል አሉ። እግራቸው ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚደርሱት መንገድ ላይ እየተቀመጡ ነው። አባባ የፈረሰኞች ማኅበር ሰው ናቸው። ልጅ ሆነህ ስለወጣህ ረስተኸው እንደሆነ፣ በእኛ ቀበሌ አባል ሲሞት ፈረሰኛው ለቅሶውን ከፊት ይዞራል፤ በእግሩ የመጣ ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። ሽምግልናውም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ መድረስ የማይችል ሽማግሌ ውሎ አድሮ አይጠራም። ፈረሱ ከሞተ ጀምሮ አባባ ደጅ ደጁን እያዩ ተቀመጡ፣ የሚልክባቸውም ሰው እያነሰ ሄደ። ሞተር ይገዛ ያልነው ለዚህ ነበር፤ ታናሻችን ተሻገር እየነዳ፣ እሳቸው ከኋላ ተፈናጥጠው፣ ከሰው እንዳይለዩ ብለን። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬህ፣ ጥሩ፣ እኔ እገዛለሁ አልክ። እስከዚህ ድረስ ተመርቀሃል።

ባሕር ዳር ቢሻው ሱቅ የሄድነው እኔ፣ አባባና ተሻገር ነን። ያ የልብ ጓደኛህ ሁለት ሞተር ጎን ለጎን አቆመልን። አንደኛው ስፖርት የሚሉት ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ሆዱ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ መሪው ዝቅ ያለ፣ የሚነዳው ሰው ሰልባትዮ በሚሉት የነዳጅ ቋቱ ላይ በደረቱ የሚተኛበት። ሁለተኛው ሽፋን የለውም፤ ሞተሩም ቱቦውም ሽቦውም ውጭ ይታያል፤ መሪው ከፍ ያለ፣ መቀመጫው ረጅምና ደልዳላ ነው። አባባ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው አዩዋቸው። ዞሯቸው፣ ጎንበስ ብለው ከስር አዩ፣ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጓቸው። ከዚያ ተሻገርን ከፊት አስቀምጠው በየተራ ከኋላው ወጡ። ስፖርቱ ላይ ሲወጡ ጉልበታቸው ከደረታቸው ገጠመ። የኋላዋ መቀመጫ የጫማ ሶል ታክላለች፣ ከተሻገር ወገብም በላይ ተሰቅላለች። ይህቺ ለማን ናት ብለው ቢሻውን ጠየቁት። ቢሻው ስቆ፣ እሷማ ለቆንጆ ልጅ ናት አባባ አላቸው። ሽፋን የሌለው ላይ ሲቀመጡ ግን እግራቸው ማሳረፊያውን አገኘ፣ ወገባቸውም ቀና አለ። ይሄ ሰው ያስቀምጣል አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ቢሻው መኪና ሲያገኝ ሊጭንልን ተስማምተን ተመለስን።

በጥቅምት መጨረሻ አይሱዙው ግምጃ ቤት ገበያው ዳር ሲቆም ከላዩ የወረደው ቀዩ ነበር። ተሳስተሃል ብዬ ቢሻው ላይ በስልክ ስጮህ፣ ኧረ ወንድምሽ ነው ደውሎ ቀዩን ላክ ያለኝ አለ። ለተሻገርም ቀድመህ ደውለህለት ኖሯል፤ ለካ ሞተሩ ሲወርድ ጥርሱን መክደን ያቃተው ለዚህ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔን ብትንቀኝ ለምጄዋለሁ፤ አባባ ራሳቸው ወጥተው፣ ተቀምጠው፣ ሞክረው የመረጡትን ከዶሃ ሆነህ የምትገለብጠው በምን ድፍረት ነው?

ያን ቀን ስደውልልህ የሰጠኸኝን ምክንያት አልረሳሁትም። ያኛው አንጀቱ ውጭ የተንጠለጠለ የገጠር ሞተር ነው አልክ። ስፖርቱ ነፋስ አያግደውም፣ ከዳንግላ እንጅባራ በዐይን ጥቅሻ ያደርሳል አልክ። የጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ እንጅባራ የምገባውም በእሱ ነው አልክ። እንግዲያው ለራስህ ነው የገዛኸው። ለራሴ ነው ብትል ማን ይከለክልህ ነበር? የአባባን እግር ስም ጠርተህ በሠላሳ አምስት ዓመትህ ጎረምሳነት መግዛትህ ነው ያንገበገበኝ።

እውነቱን አልደብቅም፣ ሞተሩ ያምራል። አስፋልት ላይ ሲሄድ እኔም ቆሜ አይቼዋለሁ። የፊቱ ሽፋን ነፋሱን ስለሚከፍለው የእንጅባራ ብርድ ነጂውን ብዙም አይነካውም። ለአንድ ሰውና ለአስፋልት የተሠራ ነው። እኛ ግን የምንኖረው ከአስፋልቱ ወርደን ነው። በእኛ መንገድ ደግሞ ሽማግሌ በእግሩ ሲሄድ አይቶ ሳያፈናጥጥ የሚያልፍ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ያ ሞተር ደጉን ሰው ባለጌ ያደርገዋል፤ ላስቀምጥ ብትል እንኳ የምታስቀምጥበት የለህም።

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ጋሼ ይሄነው ሞቱ። የአባባ የልብ ወዳጅ፣ አንተንም መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያወጡህ ሰው ናቸው። መርዶው ሲደርስ አባባ ካባቸውን ደረቡ፣ ጋሻቸውን ከግድግዳው አወረዱ፣ ተሻገርን አስነሣው አሉት። እኔ በእግሬ ቀድሜ ሄጄ ስለነበር ሲመጡ በዓይኔ አየሁ። ፈረሰኞቹ ለቅሶውን እየዞሩ፣ አልቃሿ ሙሾ እያወረደች ሳለ ያ ሞተር እየጮኸ ብቅ አለ። ተሻገር ሰልባትዮው ላይ ተኝቷል። አባባ ከበላዩ ጉልበታቸውን ታቅፈው፣ ጋሻቸውን አንግተው፣ ጣሪያ ላይ እንደወጣ ሰው ይወዛወዛሉ። ፈረሶቹ በርግገው ሰልፉ ተበታተነ። ያለ ወቅቱ በጣለው ዝናብ ሜዳው ረጥቦ ነበርና ጭቃው በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ገብቶ የፊቱን ጎማ ቀርቅሮ ያዘው፤ ሞተሩ ከሰው ሁሉ መሐል ቀጥ አለ። ተሻገር እግሩን ተክሎ ባይዘው ኖሮ አብረው ይወድቁ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም አልጽፍልህም። አንዱ ሲስቅ ሌላውም ሊይዘው አልቻለም። በለቅሶ ላይ፣ ክንዴ። አልቃሿ ሳትቀር አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የጋሼ ይሄነው ልጆች አቀርቅረው ቀሩ። አባባ ከዚያች መቀመጫ ቀስ ብለው ተንሸራተው ወረዱ፤ ወደ አስከሬኑ ዞረው እጅ ነሡ፤ ጋሻቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ሄደው ከሕዝቡ ጋር ቆሙ። እኔ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለጋሼ ይሄነው ያለቀስኩ መስሎታል።

ቤት ሲገቡ ጋሻውን ሰቀሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጋደም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢው መውጣት ተዉ፤ ሽማግሌዎች ሲልኩባቸውም አሞኛል እያሉ ይመልሱ ነበር። አንተ የደወልከው ይኸኔ ነው። ትዝ ይልህ እንደሆነ የጠየቅኸው አባባን አይደለም። ተሻገር ጭቃ ገባበት አለኝ፣ ሽፋኑ ተጫረ እንዴ፣ እስኪ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ አልክ። ተሻገር ሊያነሣ ሲዘጋጅ ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ጓሮ ጎመኑ መሐል ወረወርኩት። ስልኩ ተርፏል፤ ስለ እሱ አታስብ።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ቀዩ ሞተር የለም። ዳንግላ ያለው የሆቴል ቤት ልጅ ብሥራት ሽፋን የሌለው ሞተር ነበረው፤ አንተ የገጠር ያልከው ዓይነት፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ የተጨረማመተ፣ ግን ጤነኛ። ልጁ ቀዩን ለማየት ብቻ ከዳንግላ እየመጣ ይዞረው ነበር። እንለዋወጥ አልኩት፤ ተናግሬ ሳልጨርስ እሺ አለ። ሞተሩ በተሻገር ስም ስለሆነ የፈረመው እሱ ነው፤ እሱን እንዳትቆጣ፣ አጠገቡ ቆሜ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። አዲስ በአሮጌ ይለወጣል ወይ ትል ይሆናል። አዎ ይለወጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሆነውን የአንተን ነገር የዘጋሁት በዚህ ነው።

ተሻገር ግን፣ አባቴን በሰው ፊት አዋርጄ ተመልሼ ከፊታቸው አልቀመጥም ብሎ ማለ። ስለዚህ መንዳት የተማርኩት እኔ ነኝ። መሳቅ ትችላለህ። ብሥራት ዳንግላ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን አሳየኝ። ወድቄ ክርኔ ተላጠ፤ ቀሚሴ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ተቀደደና ከዚያ በኋላ ከስሩ ሱሪ መልበስ ጀመርኩ። መንጃ ፈቃዱንም ጀምሬዋለሁ። የመንደሩ ሰው ሥራውን ትቶ ያየኛል። እናታችንማ፣ ባል ፈትተሽ መምጣትሽ ሳያንስ አሁን ደግሞ ባለ ሞተር ሆንሽ አለችኝ፤ ግን ስወጣ በር የምትከፍትልኝ እሷ ናት።

አባባን እንሂድ ብዬ አልለመንኳቸውም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ አስነሥቼ አሞቀዋለሁ፤ ይሰማሉ፣ አይወጡም። ባለፈው ሳምንት ግን በጥሊሊ በኩል በወሰን የተጣሉ ወንድማማቾችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንደሚፈለግ ሰሙ። ካባቸውን ደርበው ወጡና ሞተሩን ዞሩት፣ መቀመጫውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፣ ተቀመጡ። ቀስ በይ፣ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው። ነፋሱ ደረቴን ሰነጠቀኝ፤ ሽፋን የሌለው ሞተር ዕዳው ይህ ነው። ዐይኔ በብርድ እያለቀሰ ነዳሁ። እሳቸው ከኋላዬ ካባቸውን እንደደረቡ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስንደርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይሄይስ፣ በሴት ጀርባ መጣህ ወይ ብለው ተረቧቸው። አባባ፣ የወንዱን ሞክሬው ነበር፣ አያስቀምጥም አሉ። ሁሉም ሳቁ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ወንድማማቾቹም ታረቁ።

ስለ ጥር መምጣትህ ልጻፍልህ። ና። አገርህ ነው፣ አባትህ ናቸው። ነገር ግን የበዓሉ ቀን ከሞተሩ ላይ የሚቀመጡት አባባ ናቸው፣ የምነዳውም እኔ ነኝ። አንተ ከመናኸሪያው ባጃጅ ታገኛለህ። በቀዩ ላይ ፎቶ መነሣት ካማረህ ዳንግላ ወርደህ ብሥራትን ለምነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለህ ቢሻው ዘንድ እንደገና እንዳትደውል፤ የሚመጣውን መኪና ሳይራገፍ እመልሰዋለሁ። ከእንግዲህ ዕቃ ስትልክ ለማን እንደሆነ ወስነህ ላክ። ለእኛ ከሆነ እኛን ጠይቀን፤ ለራስህ ከሆነ እዚያው ተገልገልበት። የተቆጣሁት ስለምወድህ ነው የሚል ነገር እዚህ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ አልጽፈውም።

እናታችን ስሜነሽ፣ ለመጪው ዓመት ገና ከእኛ ጋር ያድርግህ፣ ዐይንህን ያሳየኝ ትልሃለች። ቅቤና በርበሬ በናርዶስ ልካልሃለች፤ የእኔ እጅ የለበትም። ተሻገር ሰላም በይልኝ ብሏል፤ አፍሮ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልተናገረም። ልጄ ማስተዋል አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ልጅ ናትና አልከለከልኳትም።

አባባ ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲያዩ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና የእኔንም ጨምሪበት አሉኝ። እንዲህ በይው አሉ፦ ልጄ ክንዴ፣ የገዛህልኝ ሞተር በደህና ደርሶኛል። በጣም ተመችቶኛል። የይሄነውንም ለቅሶ በእሱ ደረስኩበት፤ በሰው ፊት አላሳነስከኝም። ዕድሜ ይስጥህ፣ እንደኮራሁብህ ኑር። ብዕሬን አቁሜ አየኋቸው። ጻፊ እንጂ አሉኝ። ጻፍኩ። የእኔን ቁጣ ከላይ አንብበሃል፤ ከዚያ ሁሉ ይልቅ ይህ ቢከብድህ ደስ ይለኛል።

እህትህ ይመኙሽ ይሄይስ
ግምጃ ቤት፣ አዊ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2010 ዓ.ም.