ሺህ ብር ከፍዬ የሰማኋት ማሲንቆ

ይድረስ ለልጄ ለባንቻየሁ አለኸኝ፣ ሐዋሳ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ዛሬም ዳማውን ፈረስ ራሴ እጭናለሁ፤ እስከ ዳባት ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ገብሴን ራሴ አጭዳለሁ፤ መርፌም ያለ መነጽር ክር አስገባለሁ። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ነኝ። ጎረቤታችን ቢራራ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ ቢለኝ የሆዴን ነገር በሰው እጅ አላስጽፍም ብዬ መልሼዋለሁ። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ሳልደርስ እንደ ወጣሁ ታውቂያለሽና ፊደሉ ወዲያና ወዲህ ቢረግጥ ታገሺኝ።

ለመሆኑ እንዴት ከረምሽ ልጄ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ልደቱስ ሥራው ተስማማው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። የዘንድሮው ገብስ ውርጭ ሳይነካው ጎተራ ገብቷል። ላሚቱም ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው፤ አመሉ እንደ እናቱ ክፉ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርኸኝም እንዳትይ። በስልክ ታቋርጭኛለሽ፤ ወረቀት ግን እስኪያልቅ ያዳምጣል። ደግሞ የትናየት ከቤቴ ከወጣች ወዲህ በስልክ ድምፅሽ እንዳጠረብኝ ልቤ ያውቀዋል። ልጅሽን ለትምህርት ብለሽ አደራ ሰጠሽኝ፤ እኔ ግን የአለኸኝ የልጅ ልጅ አዝማሪ አትሆንም ብዬ ማሲንቆዋን በጉልበቴ ሰብሬ ምድጃ ጨመርሁት። ማሲንቆ የማይገባበት ቤት እኔም አልገባበትም ብላ ወጣች። ይኸው አራት ዓመቷ። እሷም እንደኔ ናት፤ ካለች አለች ነው።

አሁን ወሬውን ስሚ። ከገና በፊት በደባርቅ ግድግዳ ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ዘፋኝ ከነባንዱ ይመጣል፣ ዘመኑ ማታ የሚያስወጣ አይደለምና ከቀትር በኋላ በሜዳው ይዘፍናል ይላል። ከታች በኩል ማሲንቆ የያዘች ልጅ ሥዕል አለች። ቢራራ አያ አለኸኝ፣ ይቺ የእርስዎ አይደለችም ወይ ቢለኝ አይደለችም አልሁት። አይኔ ግን ከወረቀቱ አልነቀል አለ። ጠጋ ብዬ ዋጋውን ሳየው ሺህ ብር ይላል። ከፊት ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሦስት ሺህ። የዛሬ ሦስት ዓመት በዚያው ሜዳ ሁለት መቶ ነበር አሉ። እኔና እናትሽ ወርቄ ነፍሷን ይማርና ስንጋባ የመጣው አዝማሪ ሁለት ቀን ሙሉ ዘፍኖ አንድ ቁና ገብስና የአባቴን ኩታ ይዞ እየመረቀ ነው የሄደ።

በዚያው ሳምንት የትናየት የሦስት ሺሁን ወንበር ጥሪ በቢራራ እጅ ላከችልኝ። ለአዝማሪ እሰጣለሁ እንጂ ከአዝማሪ አልቀበልም በላት ብዬ መለስሁት። ከዚያ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ተነሥቼ አንዲት ዶሮና ጥቂት ገብስ ሸጥሁ፤ ስድስት መቶ ብር ሆነ። የቀረውን ቢራራ አበደረኝ፤ ሳቁንም ጨመረልኝ።

ከአስተርዮ ማርያም በኋላ ባለችው እሁድ ሜዳው በር ላይ ተሰለፍሁ። ቲኬት የምትሸጠዋን ልጅ ልጄ፣ አስቀድሜ ልስማና ደስ ካለኝ ስወጣ እከፍልሻለሁ፤ በሬ እንኳ ስንገዛ ጥርሱን አይተን ነው አልኋት። የኛ ደንብ ይኸው አልነበረም ወይ? ሰምተሽ፣ ልብሽ ሲነካ ብሩን ከአዝማሪው ግንባር ትለጥፊለታለሽ። ልጅቱ አያ፣ እዚህ በሬውን በስማ በለው ነው የምንሸጠው ብላ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከፊቴ የነበረች ይርጋለም የምትባል ጸጉር ሠሪ ከመስከረም ጀምራ ለዚህ ቀን ስታጠራቅም እንደ ቆየች ነገረችኝ። ምነው ልጄ፣ ለዘፈን እንዲህ ይወጣል ወይ ብላት፣ አያ፣ ለለቅሶ ዕድር በየወሩ እንከፍል የለ፤ ለደስታ በዓመት አንዴ ብንከፍል ምን አለበት አለችኝ። ሺሁን ቆጥሬ ሰጠሁና ገባሁ።

መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር። ድምፅ ማጉያው ከደረቴ ውስጥ ገብቶ የሚደልቅ ነው የሚመስል። ዘፋኙም ጎበዝ ነው፤ ግን ከዘፈኑ ዝላዩ ይበዛል። ኋላ ሌላው ሁሉ ዝም አለና የትናየት ብቻዋን ወጣች። ባንቻየሁ ልጄ፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ። ደጋኑን አንዴ ስባ ለቀቀችው። እጇ የእናትሽ የወርቄ እጅ ነው፤ ወርቄ ጥጥ ስትፈትል እንዲያ ነበር፣ ሳትቸኩል፣ ክሩ ሳይበጠስባት። አንድ ጭራ ነው የምትመታው፤ እኔ ግን የሰማሁት የአገር ሙሉ ሰው ሲያለቅስና ሲስቅ ነው። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ስልኩን አንሥቶ መቅረጹን ረስቶ ቀረ። በዚያች ሰዓት ሦስት ሺህ ቢሉኝም ዳማውን እሸጥ ነበር።

እጄ ኪሴ ገባ፤ ልሸልማት። ኪሴ ባዶ ነው። ያለኝን ሁሉ በሩ ላይ ጨርሻለሁ። ሰምቶ ሳይሸልም የሚወጣ ሰው በኔ ዕድሜ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ፤ አፈርሁ።

ያን ጊዜ የትናየት ግጥም ስጡኝ አለች። አዝማሪ ስንኝ ከሰሚው ተቀብሎ እንደሚዘፍን ነው። ከኋላ ስለ ነበርሁ ድምፄ አይደርስም፤ ለይርጋለም በጆሮዋ ነገርኋት፣ እሷ ከፊቷ ላለው፣ እሱም ለቀጣዩ፣ እንዲያ እያለ ስንኜ በሰው አፍ ተራምዶ መድረኩ ድረስ ሄደ። እንዲህ ነበር፦

ከቤቴ በነፃ ስትመቺው ሰብሬ፣
ሺህ ብሬን ከፍዬ ቆምሁልሽ ዛሬ።

መጀመሪያ ስትዘፍነው ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ የቲኬቱን ነገር ሁሉም በሆዱ ይዞት ነበርና። ሁለተኛ ስትደግመው እጇ ቀስ አለ። ሦስተኛው ላይ ሰብሬ ከምትለው ቃል ደርሳ ቀሪውን ለማሲንቆው ተወችለት። እኔም ጋቢዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁ፤ ፀሐዩ ከፊት ለፊት ነበር።

ሲያልቅ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝና ጉልበቴን ሳመች። አባባ፣ ነፃውን ለምን መለሱት አለችኝ። ያንቺ ሥራ በነፃ የሚሰማ አይደለም አልኋት። እውነቴን ነው። ስለ ዋጋው ብጠይቃት አጫወተችኝ፦ የድምፅ ዕቃው በመኪና ከባሕር ዳር መምጫው፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ የሜዳው ኪራይ፣ የጥበቃው፣ የዘጠኝ ሰው አልጋና ምግብ፣ ሁሉም በዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። ከሺሁ ለማሲንቆዋ የሚደርሳት ከሃያ ብር አይበልጥም። እንደ ገብሳችን ነው ለካ፤ ከተማ ሲደርስ ይወደዳል፣ ገበሬው እጅ ግን ያው ነው። ይህን እያወቀች ከአዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ ተቀምጣ መጥታ እንዲያ መምታቷ ይበልጥ አኮራኝ። ለፋሲካ ትመጫለሽ ወይ አልኋት። ቃሌን ያውቁታል፤ ማሲንቆ ካለበት እመጣለሁ አለችኝ። አልተቆጣሁም። በኔ ደም ነው የጸናችው።

ልደቱን ሰላም በይልኝ፤ ጠንካራ ሰው ነው፣ እኔን ችሎ አንቺን አግብቷል። እማማ ወለተ ጊዮርጊስን፣ አማትሽን፣ ጉልበታቸውን ስመሽልኝ ጤናቸውን ጠይቂልኝ። ትንሿን መስከረምን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዘፈን ካማራት ተያት።

አሁን ያለብኝን ዕዳ ልጻፍልሽ፤ እንድታውቂው እንጂ እንድትከፍይልኝ አይደለም። አንዲት ብር በስልክ ብትልኪ መልሼ እልካታለሁ። ለቢራራ አራት መቶ ብር፤ ጠቦቱን ሸጬ እሰጠዋለሁ። ለይርጋለም፣ ስንኜን ላደረሰችልኝ፣ አንድ ቅል ቅቤ። ለአንቺ ይቅርታ አለብኝ፤ እሱን ይኸው በእጄ ጻፍሁት። ለየትናየት የግንባሯ ሽልማትና አንድ ማሲንቆ። እንጨቱን ከዋንዛ ጠርቤ ጨርሻለሁ፤ የፍየሉ ቆዳ ግድግዳ ላይ ተወጥሮ እየደረቀ ነው። የቀረው ጭራው ነው። ዳማው ጅራቱን ሲነኩት ይራገጣልና ቢራራ እኔ ልንጭልዎ ብሎኝ ነበር። እምቢ ብያለሁ። ራሴ እነጨዋለሁ።

አባትሽ አለኸኝ
ከዳባት በላይ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.