እርግጠኛ ነኝ ያልኩበት ስም

ይድረስ ለእትዬ አቢጋኤል፤
ሰመራ።

ከሁሉ አስቀድሜ ደህንነትሽን እጠይቃለሁ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ራስ ምታትሽ ተወሽ? ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አሁንም ብቻሽን ነው የሚመድቡሽ? ሰሊሆም ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ደህና ናት። እኔም አለሁ ልበል። ስልክሽን የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም። መንጋጋዬ በሽቦ ታስሯል፤ አጥሚቱን በቀጭን ቱቦ ነው የምስበው። ስለዚህ እጽፋለሁ። አፌ ቢከፈት ኖሮ ምናልባት ይህን አልነግርሽም ነበር።

የላክሽውን ድምፅ ሰምቻለሁ። «የእኛ ቤት ወንድ አልቆ ከሆነ ንገሩኝ፣ እኔ እመጣለሁ» ያልሽውን። ወንድማችን ክንፉ ለአጎታችን ልጆች አሰማቸው። ደግሞ አሰማቸው። ከዚያ ቆንጨራ ይዘው ወጡ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ለነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና ፈታኝ ሆኜ ተመድቤ ነበር። አርባ ኮምፒውተር፣ አርባ ተፈታኝ። ፈተናው ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በሦስተኛው ሙከራ ያለፍሽ ቀን መሬት ላይ ተቀምጠሽ አልቅሰሻል። ሊጀመር ሲል የአሥራ አራተኛው ኮምፒውተር ኪቦርድ አልሠራ አለ። እዚያ የተመደበችውን ልጅ፣ ኢየሩስ ትባላለች፣ ወደ ኋላ፣ ሰው ወዳልመጣበት ወንበር ያዛወርኳት እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ላይ ግን አላስተካከልኩም። ኪቦርዱ ተቀየረ፤ ዘግይታ የመጣች ሌላ ልጅ ተቀመጠችበት። ፈተናው ሲጋመስ በዚያች ልጅ ጉልበት ላይ በጥቃቅን ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት አየሁ። ከኋላዋ መጥቼ ነጠቅኳት። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጨለሙ፣ አርባው ሰው እየጮኸ ወደ ግቢው ወጣ። ፊቷን አላየሁም። ጀርባ ብቻ። ዝርዝሩን ገለጥኩ፤ አሥራ አራት፣ ኢየሩስ። ጻፍኩ። ውጤቷ ተሰረዘ።

በሦስተኛው ቀን ካልሲ ሳጥብ ኢየሩስን ማዛወሬ ትዝ አለኝ። ካልሲው ከእጄ ወደቀ።

ኢየሩስ አቤቱታ አስገባች። ኮሚቴው ጠራኝ። ሰብሳቢው ከሳምንት በፊት በሰው ፊት «እንደ አሞጽ ያለ ፈታኝ አሥር ቢኖረን» ብለውልኝ ነበር። አሁን «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። አላየኋትም፤ ትንፋሿን ሰማሁ።

ወንድሟ ኤርጫፎ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚጭን ጎልማሳ ነው። ድልድዩ ጋ ጠበቀኝ። «ፈታኙ! ና እስኪ እኔን ፈትነኝ!» አለ። በእጁ የጋሪ እንጨት። የመጀመሪያው ጥርሴን፣ ሁለተኛው መንጋጋዬን። ድምፁን ከውስጥ ሰማሁት፤ ሸንኮራ ሲሰበር እንደሚሰማው። ወድቄም ረገጠኝ። እትዬ፣ ያኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ያውቃል አልኩ። እኔ ብቻ የማውቀውን ያውቃል። ዝም ብዬ ተረገጥኩ።

እሱን ፖሊስ ወሰደው፤ እኔን ሆስፒታል አስገቡኝ። እማዬ ያለ ምክንያት ደበደበው ብላ ደወለችልሽ። የነገርኳት ምክንያት ስላልነበረ ነው። ከዚያ የአንቺ ድምፅ መጣ። ክንፉና የአጎታችን ልጆች ረፋዱ ላይ ወደ እነኤርጫፎ የሙዝ ማሳ ወረዱ። ያገኙትን ግንድ ሁሉ ጣሉት። አባትየው ጋሽ ኦይታ «ልጆቼ፣ ተዉ» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ገቡ። ክንፉ አላቆመም። ሁለት ጣታቸው ሄደ።

ከሰዓት የእነሱ ዘመዶች ጦር ይዘው መጡ፤ የእኛዎቹም ወጡ። መንገዱ መካከል ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። ያን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ የጋሞ ልጅ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ክንፉ ቆንጨራውን አልጣለም፤ እግሩ ግን ቆመ።

በማግስቱ እኔም ከሆስፒታል ወጥቼ ዱቡሻ፣ የዕርቅ አደባባዩ ላይ፣ ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ «እዚህ ጎሜ አለ፤ የተደበቀ በደል ሳይወጣ ብናስታርቃችሁ ነገ ደግሞ ትተራረዳላችሁ» አሉ። እማዬ «እኛ የጌታ ነን፣ ጎሜ አይመለከተንም» ብላ አጉረመረመች፤ ግን አልተነሳችም። ሁሉም በየተራ የሠራውን ተናገረ። ተራዬ ደረሰ። አፌ የታሰረ ነው። ማንም አያስገድደኝም ነበር፤ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ባልፍ ያልፋል። ጋሽ ኦይታ የተጠቀለለ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዩኛል። ወረቀት ጠየቅኩ።

ጽፌ ስጨርስ ክንፉ ሊያነብ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ከለከሉት። «ስሟ ያለበት ታንብበው» አሉ። ኢየሩስ ተነሳች። ጮክ ብላ ጀመረች። «ያዛወርኳት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበችው፣ እስከ መጨረሻው። ክንፉ ፊቴ ላይ ተፋ። «ለዚህ ነው የሽማግሌ ጣት ያስቆረጥከኝ?» አለኝ።

እሷ ወደ እኔ መጣች። በጥፊ ልትመታኝ ነው ብዬ መንጋጋዬን ሸፈንኩ። ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ቀን የለውም። ፊርማም የለውም። አቤቱታ ነገ ይዘጋል፤ እንዲህ ከሆነ አይቀበሉኝም» አለች። ፈረምኩ። እስክጨርስ ወረቀቱን ደግፋ ያዘችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ወስደን ለኮሚቴው ሰጠን። ሰብሳቢው አንብበው «ራስህን አጠፋህ» አሉኝ። ከሥራ ታግጃለሁ። የእሷ ጉዳይ እንደገና ይታያል ተብሏል፤ ውጤቱ ገና ነው። ኤርጫፎን አልከስም ብዬ ጽፌያለሁ፣ ፖሊስ ግን አለቀቀውም። ክንፉም ታስሯል። የአጎታችን ልጆች በየቤታቸው ናቸው፣ ቆንጨራውም በየቤታቸው ነው፣ የአንቺም ድምፅ ስልካቸው ላይ አለ።

ስለዚህ ሌላ ድምፅ ላኪላቸው። ለጋሽ ኦይታም ደውዪላቸው፤ ቁጥራቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌያለሁ። ምን ትያቸዋለሽ? አላውቅም። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ነበር። በግራ እጃቸው በርጩማ አቀረቡልኝ፤ መናገር ስለማልችል ተቀምጬ ወጣሁ። አንቺ ግን መናገር ትችያለሽ።

ባለቤትሽን ዘርአብሩክን በጣም ሰላም በይልኝ። ሰሊሆምን ግንባሯን ሳሚልኝ። እማዬ ስላንቺ ትጸልያለች፤ ስለ እኔ ምን እንደምትጸልይ አልጠየቅኳትም።

ወንድምሽ አሞጽ
አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.