ሽማግሌዎቹ የገፏት ላዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2001

ሥራ ደህና ነበር። ቦሌ ሁለት ደንበኛ፣ የቀረው እዚሁ ካዛንቺስ ዙሪያ። ቤንዚን ከጨመረ ወዲህ የላዳ ተራው ወሬ ሁሉ እሱ ሆኗል... የማን መኪና ትጠጣለች፣ የማን ትቆጥባለች።

ጠዋት ቄራ፣ ኢዘዲን ጋራዥ ወሰድኳት። ካርቡራቶሯን ፈታትቶ አጠበ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ ቤንዚኗን ቀነስ አየሯን ጨመር አደረገላት፤ ሚኒሞዋን፣ ቆማ ስትሠራ የምትዞርበትን ፍጥነት፣ ልክ አስያዘ። ሲሰጠኝ፣ "ሚኒሞዋን ግን እንዳትነካ። ከዚህ ካወረድከው ስትቆም እየጠፋች ታስቸግርሃለች" አለኝ። እሺ አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ነካሁት። ተራ ላይ ቆሜ በካቻቢቴ ትንሽ አወረድኩት... ከዚያ ደግሞ ትንሽ። እውነትም ቀነሰች። ልጆቹ "ሊካሳ፣ በውሃ ነው እንዴ የምትነዳት?" ይሉኛል። ደረቴን ነፋሁ። ኢዘዲን ነው ያስተካከላት አላልኩም። ራሴ ነኝ አልኩ።

መብራት ላይ ሁለቴ ጠፋችብኝ። የጫንኳት ሴትዮ "ምነው፣ ሞተች እንዴ?" ስትለኝ፣ "አይ እናቴ፣ እየቆጠበች ነው" አልኳት። ስቀን አለፍን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሀኒ ደወለች። አባቷ ሽማግሌ ይምጣ ብለዋል! እሁድ ጥቅምት ሠላሳ። 

ወዲያው የአባዬ ወዳጅ ጋሽ ገበያው ጋ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ከእሳቸው ሌላ ማን አለኝ? ያስተማሩኝም መንጃ ፈቃድ ያስወጡኝም እሳቸው ናቸው። ከአጎቴ ከጋሽ ኢተፋና ከእድራችን ሊቀመንበር ጋር ሦስት ሆነው ሊሄዱልኝ ነው። "የጎረቤት ኮሮላ እንለምን፣ ለእንዲህ ያለ ቀን" አሉ። አሻፈረኝ አልኩ። አባቷ አቶ ኃይለገብርኤል የራሴ መኪና እንዳለችኝ ይዩ እንጂ! ደጃፋቸው ድረስ በላዳዬ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ፣ ህዳር 1

ሥራ አልወጣሁም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጠዋት ስትነሳም እየጠፋች ነበር። አውቄያለሁ። ካቻቢቴው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሚኒሞዋን መልሶ ከፍ ማድረግ ምን ይፈጃል? እልህ... አንዴ አፌን ከፍቻለሁና። ከመስቀል አደባባይ ጀምሮ በቆምኩበት ሁሉ እየጠፋች ባትሪው ደከመ። የሀኒ ሰፈር ቅያስ ላይ ለመታጠፍ ፍጥነት ስቀንስ ጭራሽ ዝም። ከኋላዬ ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቃል። ቤቱ ይታያል። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ወጥቶ እየጠበቀ ነው።

በእግር እንሂድ አሉ ጋሽ ኢተፋ። እኔ ግን "አንዴ በግፊ ከተነሳች ደርሰናል" አልኩ።

ጋሽ ገበያው ወረዱና በመስኮቱ ጎንበስ ብለው "መሪውን ልያዝልህ፣ አንተ ግፋ" አሉኝ።

"አይ ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ የለመደ እግር ይፈልጋል" አልኳቸው።

ለማን ነው እንዲህ ያልኩት? መንዳት ላስተማሩኝ ሰው! ከዚያ እነሱ ገፉ። ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። እኔ ተቀምጬ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ... ጋሽ ገበያው ነጠላቸው ወልቆ መሬት ይጎተታል፣ ጎንበስ ብለው የሚያነሱበት ጊዜ የለም። አልተነሳችም። ተገፍታ ተገፍታ፣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

እንግዲህ ላዳዬን አዩአት።

ረቡዕ፣ ህዳር 3

ሀኒን ደምበል አካባቢ አገኘኋት። ጁስ አዘዝን፣ ማንም አልጠጣ። መጋረጃ ኋላ ሆና ሁሉን ሰምታለች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ቆመው ሲናገሩ የጋሽ ገበያው ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር አለችኝ። የሦስቱም እጅ ጥላሸት ነው፣ ለሰላምታ መዘርጋት አፍረው በነጠላቸው ስር ሸሽገውታል። እናቷ አይታ መታጠቢያ አቀረበች።

በኋላ ወሬ ወሬን ሲያመጣ አባቷ ጋሽ ገበያውን ሥራቸውን ጠየቋቸው።

"የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ።"

"ታዲያ መሪውን እርስዎ ይዘው ልጁ ቢገፋ አይሻልም ነበር?"

ጋሽ ገበያው ምን አሉ? "እሱማ ያዙ ብሎኝ ነበር፣ ልግፋ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ዋሹልኝ! እዚያ ቤት፣ ለሽምግልና ቆመው፣ ስለ እኔ ዋሹ። አባቷ አላመኗቸውም። "እናስብበት፣ ህዳር አሥራ አራት ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው።

ሀኒ "ጋሽ ገበያው ልያዝልህ ብለውህ ነበር እንዴ፣ መሪውን?" አለችኝ።

"አዎ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

ነገርኳት። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 6

ኢዘዲን ሚኒሞዋን መለሰልኝ። ማን ነካት ብሎ አልጠየቀም፣ አየት አደረገኝና እጁን መጥረግ ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን እንደ ድሮዋ ትጠጣለች። ትጠጣ!

ከዚያ ጋሽ ገበያው ቤት። ወገባቸውን አስረው ተኝተዋል። "ድሮም ያመኛል" ይላሉ፣ እኔን ላለማሳቀቅ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ተነስ ተነስ አሉኝ፣ አልተነሳሁም። ለቅሶዬን ስጨርስ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"መግፋቱ ምንም አይደል። ለአባትህ ልጅ ከዚህም የባሰ እገፋለሁ። ግን እግሬን አላመንከውም፣ ሊካሳ። በቃ፣ እሱ ነው የከነከነኝ።"

ምን ይመለሳል? ቁልፉን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጬ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ህዳር 11

ያለ መኪና ተራ ብቅ ስል አንዱ ልጅ፣ "ሚኒሞ እንዴት ነው ያወረድከው? አሳየኝ" አለኝ። ካርቡራቶሯን ያስተካከለው ኢዘዲን እንደሆነ፣ ያበላሸኋት ደግሞ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ሽማግሌዎቹንም ነገርኩት። ሌሎቹም ሰሙ። ሳቁብኝ፣ እስኪበቃቸው። ሀኒ ግን አልደወለችም።

እሁድ፣ ህዳር 14

ጋሽ ገበያው ተሽሏቸዋል። ላዳዬን ራሳቸው እየነዱ ከሁለቱ ጋር ሄዱ። እኔ ቤት ቀረሁ... ቁጭ ብድግ። ምሳ አልበላሁም።

ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

"ተፈቅዷል" አሉ። "ለጥር።"

ጋሽ ኢተፋ አቅፈው ሳሙኝ። እኔ ግን ጋሽ ገበያውን ነው የማየው፣ ሌላ ነገር አለ። ምን አሉ አባቷ አልኳቸው። ተወኝ ብለው ነበር፣ ለመንኳቸው።

"'ልጁን አላውቀውም፣ ያየሁትም ደስ አላለኝም። እናንተን ግን አየሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚገፉለት ከሆነ፣ ልጄን የምሰጠው በእናንተ አደራ ነው' አሉ።"

ማምሻውን ሀኒ ደወለች። ታለቅስ ነበር፣ ትስቅም ነበር። "እሺ በላ፣ ደስ አላለህም?" አለችኝ።

ደስ ብሎኛል። እንዴት አይለኝ? ግን እጄ የገባችው በእኔ ታምኖ የተሰጠች ልጅ ሳትሆን የሦስት ሽማግሌ አደራ ናት። አማቼን ቀና ብዬ የማያቸው መቼ እንደሆነ አላውቅም።