የገረሴዋ ልጅና የጽንፈ ዓለም መጨረሻ

ሰኞ፣ መጋቢት 7 ቀን 1990 ዓ.ም.

አባረርኳት። ደግ አደረግኩ።

አሥራ ሁለተኛ ቢ፣ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ፊዚክስ። ምዕራፉን ቀድሜ ስለጨረስኩ በተረፈችው ሩብ ሰዓት የምወደውን ርዕስ አነሳሁ፤ የጽንፈ ዓለም መጨረሻ። አሁን እየሰፋ ነው፣ አንድ ቀን ግን የራሱ ስበት ይዞ ያቆመዋል፣ ከዚያ የተበተነው ሁሉ ወደ መጣበት ይሰበሰባል አልኳቸው። ጠመኔዬን ወደ ላይ ወርውሬ ቀለብኩ። አርባ ምንጭ ከመጣሁ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ ነው የማስተምረው። ሁልጊዜም ያጨበጭባሉ።

አስቴር እጇን አወጣች። ከላይ ከደጋው የመጣች የገረሴ ልጅ ናት፣ እዚህ ሲቀላ ሰፈር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ዝምተኛ። «ቲቸር፣ ጠመኔው በጣም በኃይል ቢወረወርስ? የማይመለስበት ፍጥነት አለ ብለው ባለፈው ወር ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንዱማ «ጎል!» ብሎ ጮኸ።

መልሱን አውቀዋለሁ። በቂ ቁስ ካለ ይመለሳል፣ ከሌለ እየሰፋና እየቀዘቀዘ ይቀራል። መጽሐፌም ሁለቱንም ይላል። ሁለተኛውን ግን አስተምሬው አላውቅም። «ከእኔ በላይ አዋቂ ሆነሽ? ውጪ! ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ!» አልኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ዳይሬክተሩ ሻይ ላይ ያዙኝ። «ወላጅ አምጪ ያልካት እኮ ገረሴ ድረስ ነው። ማትሪክ ደርሷል» አሉ። ሥርዓት ለቆላውም ለደጋውም አንድ ነው አልኳቸው። ጎበዝ መምህር መሰልኩ።

የተናደድኩበትን ምክንያት እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልጻፍ። ባለቤቴ ጸዳለ ልጃችንን ይዛ ደሴ ከገባች ሁለት ዓመት አለፋት። ያስመረራት ወባው ነው። ወባውና የእኔ አመል። «ልጁ ጠና ሲል እንመለሳለን» ብላ ነበር፤ አሁን ደብዳቤዋም ቀርቷል። የተበተነው ይሰበሰባል የምለው ነገር ከስበት ሕግ ብቻ የመጣ አይደለም። አስቴር ይህን ከየት ታውቀዋለች? የነካችው ግን እሱን ነው።

ምሳ ሽሮ፣ ጾም ነው። ራት ሁለት የላንቴ ሙዝ። ያልታረመ ወረቀት አንድ ክምር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር፣ የውጭ ጣቢያ። ዜናው ሊያልቅ ሲል ስለ ከዋክብት አወሩ። በጣም ሩቅ ያሉ የሚፈነዱ ከዋክብትን ሲለኩ የቆዩ ሁለት ቡድኖች ብርሃናቸውን ከጠበቁት በላይ ደብዛዛ ሆኖ አገኙት፤ ከታሰበው በላይ ርቀዋል ማለት ነው። ጽንፈ ዓለም መስፋቱን እየቀነሰ አይደለም፣ ጭራሽ እየፈጠነ ነው ይላሉ። ምን እንደሚገፋው ገና አያውቁም።

እውነት ከሆነ መመለስ የለም። ጋላክሲዎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፣ ከዋክብቱ ተራ በተራ ይጠፋሉ፣ የሚተርፈው ጨለማና ብርድ ነው። ገና አልተረጋገጠም አልኩ ለራሴ። ሳሙናውን ከፊቴ ሳላጥብ ቆሜ ቀረሁ።

ትምህርት ቤት እንደደረስኩ አስቴርን ጥሩልኝ አልኩ። ትናንት በጭነት መኪና ወደ ገረሴ ወጥታለች አሉኝ፣ አባቷን ልታመጣ። ሬዲዮው ያለውን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ስወጣ አራት ሰዎች በሩ ላይ ተንበርክከዋል። ሦስት ሽማግሌዎችና የአስቴር አባት፣ አቶ ዛጋ። እርጥብ ሳር ይዘዋል። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ ብሎ የሚያልፍ የለም፤ ደም የፈሰሰበት ጠብ እንኳ በዚህ ይበርዳል። ለእኔ የተንበረከኩልኝ ለአንዲት ጥያቄ ነው።

የአቶ ዛጋ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። «ልጄ አጥፍቷል፣ መምህር። አንተም አባቱ ነህ፣ ይቅር በል። እምቢ ካልክ ቤት እወስደዋለሁ፤ ትምህርት ይቅርበት።» አስቴር ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ትልቁ ሽማግሌ ቀና አሉ። «በሆድህ የቀረ ነገር ካለ አሁን አውጣ። ሳር ፊት አይደበቅም።»

ነበረኝ። ልጅቷ ልክ ነበረች ማለት ስንት ቃል ነው? ግን መምህራኑ በመስኮት ያያሉ፣ ተማሪው ከቦናል። «ምንም የለም፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ተነሥተው መረቁኝ። ቤትህ ይሙላ አሉኝ።

እንደ ዛሬ ተዋርጄ አላውቅም። የተንበረከኩት ግን እነሱ ናቸው።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

አስቴር ገብታለች። የፊት ወንበሯን ትታ መጨረሻ ላይ ተቀምጣለች። ትምህርቱን እንደነገሩ ጨረስኩና ጠራኋት።

«አስቴር፣ የጽንፈ ዓለም መጨረሻ ምንድን ነው?»

ተነሣች። «በራሱ ስበት ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ቲቸር።»

«ታምኚበታለሽ?»

«እርስዎ ያሉት ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሬዲዮው ያለውን፣ መጽሐፉ ሁለት መንገድ እንዳለው፣ አንዱን ዘጠኝ ዓመት እንደደበቅኩ፣ ትናንትም ሽማግሌ ፊት ዝም እንዳልኩ። «ሰኞ ልክ የነበረችው አስቴር ናት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም።

ወደ እሷ አየሁ። አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። የምለውን ሁሉ ቃል በቃል ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች፣ ለፈተና እንደሚሸመደድ ነገር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚለውንም ጭምር። «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ለእሷ ነበር ያልኩት። አንድም እጅ አልወጣም።

ነገ ቅዳሜ ወደ ገረሴ የሚወጣ መኪና አይጠፋም። አባቷ ፊት ቆሜ ይህንኑ ልናገር አስቤያለሁ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ እንደገና ትጠይቀኝ እንደሆነ እንጃ።