የቫልፓራይሶ ዝንቦች ትንሣኤ

ታምሬ፣

ትናንት የአየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ የሦስት ዓመት ልፋቴ የሆኑት የላቦራቶሪ ዝንቦች በየብልቃጣቸው ክልትው አሉ። የጽዳት ሠራተኛችን ዶኛ ኦርቴንሲያ አማትበው፣ የባሕር ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ብልቃጦቹን ደርድረው ጸለዩላቸው። ዝንቦቹ ብድግ!

“አልሞቱም፤ አፈጣጠራቸው ነው” አልኳቸው። “ሲሞቃቸው ነርቫቸው መልእክት ያደረሰበትን ባዶ ከረጢት መልሶ መሙላት ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይችላል። ባዶ ጠርሙስ ሳይመልሱ ቢራ አለ?” እዚህ ቫልፓራይሶ ከተማም ግሮሰሪው እንደ ሰፈራችን ነው።

“ዝም በል፣ አንተ ልጅ! እኔ ሙት ሳስነሣ ስለ ቢራ ታወራለህ?”

ዛሬ ጠዋት ሦስት ባልቴቶች የሞቱ ድመቶቻቸውን ታቅፈው በራችን ላይ ወረፋ ይዘዋል።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትህን እትዬ አልታዬን ሳምልኝ። አንተም ቶሎ መልስ ጻፍ፤ ባዶ ጠርሙሴ ካልተመለሰልኝ እኔም ክልትው ነው የምለው።

ውብሸት